ናናን በባሊ፣ ጦስኝን በደጃፍ

በደባርቅና በዳባት ከተሞች እናቶች በጠባብ ጓሯቸው ሽንኩርት፣ ጎመንና ጤና አዳም ጎን ለጎን ይተክላሉ። ናና ከመካከላቸው ከገባ ግን መደቡን ለብቻው ይይዘዋል። እኔም አንድ ክረምት የናና ችግኝ ከሽንኩርት መደቤ ዳር ተክዬ ነበር፤ በዓመቱ ለሻይ የሚሆን ናና ተርፎኝ ሽንኩርቱን ከገበያ ገዛሁ።

ናና በብዛት የሚስፋፋው ከአፈር ሥር እየተሳበ በሚሄድ ግንዱ ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ቁራጩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ በመኮትኮት ብቻ አይጠፋም። መፍትሔው ቀላል ነው። የአሮጌ ባሊ ታች በስቶ፣ አፉን ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ መቅበርና ናናውን በውስጡ መትከል ነው። ከአፉ አልፎ የሚወጣውንም በየጊዜው መቁረጥ ያስፈልጋል።

ጦስኝም መሬት ለመሬት እየተስፋፋ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ተክል ነው። ጠባዩ ግን ይለያል፤ ደጋ፣ ፀሐይና ውሃ የማይተኛበት ድንጋያማ ቦታ ይወዳል። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደባርቅ ትስማማዋለች። በክረምት መግቢያ ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ ከጎረቤት ተቀብሎ ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ይበቃል።

ነገሩ የሻይ ብቻ አይደለም። ጦስኝ ከተራራ ከነሥሩ ሲነቀል አፈሩ ለጎርፍ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ የደባርቅ ጎረቤት ነው። እንግዲህ እናቶች፣ ጦስኙን ከደጃፋችን እንቅጠፍ፤ ስንቀጥፍም ጫፉን ለዛሬ፣ ሥሩን ለከርሞ።