በቫይረስ ምክንያት ሳንባቸው በጽኑ ለተጎዳ ሕሙማን የሚሰጥ የመካኒካል ቬንትሌተር ሕክምና፦ የአሠራር ስልቶች ንጽጽር

እንደ ኮቪድ-19 እና ኢንፍሉዌንዛ ያሉ ቫይረሶች በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ቀላል ሕመም አስከትለው ያልፋሉ። በጥቂቶች ላይ ግን የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በማቁሰል በፈሳሽ እንዲሞሉ ያደርጋሉ። በዚህም ሳንባ ይጠጥራል፤ ኦክስጂንን ወደ ደም የማስተላለፍ አቅሙም ይዳከማል። በአፍንጫ ወይም በጭምብል የሚሰጥ ኦክስጂን በቂ ሳይሆን ሲቀር ሐኪሞች ሕመምተኛውን በቱቦ አማካይነት ከመካኒካል ቬንትሌተር ጋር ያገናኛሉ።

ቬንትሌተር ቫይረሱን አያጠፋም። ሳንባ እስኪያገግም ድረስ የመተንፈስን ሥራ ያግዛል ወይም ይተካል። ሆኖም አየር ከልክ በላይ በሆነ መጠን ወይም ግፊት ከገባ መሣሪያው ራሱ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም የአሠራር ስልቶች ሲነጻጸሩ ሳንባን ከጉዳት የመጠበቅ ጉዳይ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል።

ዋና ዋና የአሠራር ስልቶች

1. መጠንን የሚወስን ስልት፦ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው የአየር መጠን አስቀድሞ ይወሰናል። ሳንባ ሲጠጥር ግፊቱ ስለሚጨምር ባለሙያው ግፊቱን በቅርብ ይከታተላል።

2. ግፊትን የሚወስን ስልት፦ ግፊቱ ይወሰናል፤ የአየሩ መጠን ግን እንደ ሳንባው ሁኔታ ይለዋወጣል። ሳንባ ሲጠጥር የሚገባው አየር ያንሳል፤ ሲሻሻል ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስልት ክትትል የሚያስፈልገው መጠኑ ነው።

3. የሕመምተኛውን ትንፋሽ የሚያግዝ ስልት፦ ሕመምተኛው ራሱ መተንፈስ ሲጀምር መሣሪያው ግፊት በመጨመር ያግዘዋል። በአብዛኛው ከመሣሪያው ለመላቀቅ በሚደረግ ዝግጅት ያገለግላል።

4. በከፍተኛ ፍጥነት አየርን የሚያርገበግብ ስልት፦ ተስፋ ተጥሎበት የነበረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆኑ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ለአዋቂዎች ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል። በአንደኛው ጥናት የሟቾች ቁጥር ከፍ በማለቱ ጥናቱ እንዲቋረጥ ተደርጓል።

የትኛው ይበልጣል?

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ስልቶች አንዱ ከሌላው ይልቅ ሕይወት እንደሚያድን አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው በየትኛውም ስልት ትንፋሹን አነስተኛ የማድረግ ጥቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ይፋ በሆነና 861 ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ በኪሎ ግራም 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ ሲሞቱ፣ 6 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው የሞቱት 31 በመቶ ነበሩ።

ስሌቱ የሚሠራው በሚዛን በሚለካ ክብደት ሳይሆን በቁመትና በጾታ ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አይሰፋምና። ለምሳሌ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወንድ የሚሰላው ክብደት 66 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጠው አየር 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የሕመምተኛውን ቁመት በሜትር መለካት ቀላል ቢመስልም ሕይወት የሚያድን ተግባር ነው።

ሕመሙ እጅግ ሲጸና ሕመምተኛውን በሆዱ ማስተኛት ከፍተኛ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በተከታታይ ቢያንስ 16 ሰዓት በሆዳቸው ከተኙት መካከል በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት 16 በመቶ ሲሆኑ፣ በጀርባቸው ከተኙት ግን 32.8 በመቶ ናቸው። ይህ አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የሠለጠነና የተቀናጀ የባለሙያ ቡድን ይጠይቃል።

ቤተሰብ ሊገነዘባቸው የሚገቡ ነጥቦች

• ሐኪሙ የአሠራር ስልቱን መቀየሩ ብቻውን ሕመሙ እንደተባባሰ አያመለክትም።
• ሕመምተኛው መናገር የማይችለው ቱቦው በድምፅ አውታሮች መካከል ስለሚያልፍ ነው፤ ማደንዘዣም ሊሰጠው ይችላል።
• የመሣሪያው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሁሉ አደጋን አያመለክትም፤ ባለሙያ መጥራት እንጂ መሣሪያውን መንካት አይገባም።

የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር ወይም የንቃተ ሕሊና መቀነስ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።