አስፋልቱ ካለቀ በኋላ አትጥሩን

ዛሬ የዞናችን «የብሮድባንድ ማስፋፊያ ዕቅድ» ላይ አስተያየት ስጥ ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ከስብሰባው እንደወጣሁ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ፣ ተናድጃለሁ። ሰነዱ ስለ ታወር፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ገጽ በገጽ ይተነትናል። ስለ ቁፋሮ የሚያወራው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም የተሳሳተ።

1. «አሁን ዘመኑ የገመድ አይደለም፣ 5ጂ መጥቷል» ያሉ ኃላፊ ነበሩ። ጌታዬ፣ ገመድ የሌለው በስልክዎና በታወሩ መሀል ብቻ ነው። ታወሩ ራሱ ከኋላው ፋይበር ወይም ማይክሮዌቭ ይፈልጋል። ደካማ ማይክሮዌቭ ላይ የተንጠለጠለ ታወር 5ጂ ቢሰቀልበትም ማታ ሰው ሁሉ ቲክቶክ ሲከፍት ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ገጹ ይሽከረከራል።

2. «ፋይበር ውድ ነው።» ገመዱ አይደለም ውዱ። ብሩን የሚበላው ድንጋይ መስበሩ፣ አስፋልት መቁረጡ፣ የቆረጡትን መልሶ መሙላቱና ካሳው ነው። መንገድ ሲሠራ ግን መሬቱ ክፍት ነው። ያኔ ባዶ የፕላስቲክ ቧንቧ ቀብሮ፣ ማንሆል ሠርቶ፣ ጫፎቹን ደፍኖ መተው ነው። (ጫፉ ካልተደፈነ አንድ ክረምት ጭቃ ገብቶ ይደርቅበታል፤ ስንት ቧንቧ እንዲህ ከንቱ ቀርቷል መሰላችሁ።) ገመዱ በጀቱ ሲገኝ በኮምፕሬሰር አየር እየተገፋ ይገባል። አንድ ዶማ አይነሳም።

3. አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። የከተማው ዋና መንገድ ሲሠራ ግራና ቀኙ ተከፍቶ ከረመ። የውኃ መስመር ተቀየረ፣ የጎርፍ ቦይ ተገነባ፣ የመብራት ምሰሶ ተነሳ። አንዲት ባዶ ቧንቧ አልገባችም! አስፋልቱ ተነጥፎ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ከበሮ ተመትቶ ሲያበቃ በዛሬው ዕቅድ ላይ ምን ተጽፏል? «ዋናውን መንገድ በመቁረጥ ፋይበር መዘርጋት።» ገና ቀለሙ ያልለቀቀውን መንገድ! የመንገዶቹን ሰዎች ብጠይቅ «ማንም አልጠየቀንም»። ኔትወርክ ዘርጊዎቹ «ማንም አልነገረን»። ማዘጋጃ ቤቱ «በጀቱ የሌላ ሴክተር ነው»። ሦስቱም አንድ ግቢ ውስጥ ቢሮ አላቸው፤ አንድ ካፌ ነው ማኪያቶ የሚጠጡት።

ከዚያ ደግሞ ቀድሞ የተቀበረው ፋይበር ያለበትን የሚያውቅ የለም። እስካቫተር ለውኃ ሲቆፍር ይበጥሰዋል፣ የከተማው ኔትወርክ ይጠፋል፣ የምንጠግነው እኛ እንጠራለን። ኦቲዲአር የሚባለው መለኪያ ተሰክቶ «4.2 ኪሎ ሜትር ላይ ተቆርጧል» ይላል። ግን መሣሪያው የሚለካው በገመዱ ውስጥ ያለውን የብርጭቆ ክር ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። በየማንሆሉ የተጠቀለለ ትርፍ ገመድ አለ፤ ያ ተቀንሶ ነው ቦታው የሚታወቀው። ስንት ሜትር የት እንደተጠቀለለ የሚያሳየው አዝ ቢልት ካርታ ደግሞ ወይ አልተሠራም፣ ወይ የለቀቀ ሠራተኛ ላፕቶፕ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ በግምት እንቆፍራለን። በነገራችን ላይ ለመዳብ ብላችሁ የምትቆርጡ ወንድሞች፣ ውስጡ ብርጭቆ ነው፤ የሚገዛችሁ የለም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። አዋጅ 1148/2011 መሠረተ ልማት መጋራትንም፣ ገጠሩን ለመድረስ የሚውል ፈንድንም ያነሳል። አዳራሹ ውስጥ ጠቅሼው ሰዎቹ እንደ አዲስ ዜና ሰሙኝ።

ሌላም አለ። በየተራራው የሚያልፈው የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር አናት ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ፣ በብዙዎቹ መስመሮች ሆዷ ውስጥ ፋይበር ይዛለች። ሰብስቴሽን ባለበት ሁሉ ማውረድ ይቻላል። በዞናችን አንድ ሰብስቴሽን አለ። ዕቅዱ ውስጥ የለም። ሳተላይት ግን አለ፣ ያውም ለከተማው! ሳተላይትማ ታወርም ገመድም ለማይደርሳቸው የተበታተኑ ቀበሌዎች ነው ይሁን የሚባለው።

ክረምቱ ሲወጣ ከዞኑ ከተማ ወደ ወረዳው የሚሄደው ጠጠር መንገድ ይጀመራል። ዲዛይኑ ገና አልተፈረመም። ሁለት ባዶ ቧንቧ በአንድ ጠርዝ ይጨመር ብዬ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ የመዝገብ ቁጥር ሰጥተው ሸኝተውኛል። ከአማካሪው ድርጅት ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት እስኪወጣ ግሬደሩ አይጠብቅም።