እንቅልፍ የሚነሳችሁ የመድኃኒቱ ሰዓት እንዳይሆን

የልብ ድካም ያለባቸው ታካሚዎች «ሌሊቱን ሽንት ቤት ስመላለስ አደርኩ» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ላሲክስን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ ነው። ይህ የሚያሸና መድኃኒት ከተዋጠ በኋላ ለ6 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከተወሰደ እንቅልፍ የለም። በቀን ሁለቴ የታዘዘላችሁ፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ መውሰድ ትችሉ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒትም እንቅልፍ ስለሚነሳ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከቁርስ ጋር ይወሰዳል። ቤተሰብም ከሰዓት በኋላ ቡና ሲያፈላ ለታማሚው አቦሉን ባያቀርብ ይሻላል።

ትራስ ካልደራረባችሁ መተኛት ካቃታችሁ ወይም ትንፋሽ አጥሯችሁ ከእንቅልፍ የምትባንኑ ከሆነ ግን ሳንባ ላይ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ መድኃኒቶቻችሁንም በራሳችሁ አታቋርጡ።