ከኢንዲያ ጌት ጀርባ

ዴልሂ ደርሶ የመጣ ሰው ፎቶ ሲያሳይ ኢንዲያ ጌት አይቀርም። «የህንድ ሰማዕታት ሐውልት ነው» ይላል። «የየትኞቹ?» ሲሉት ግን ዝም ይላል። 42 ሜትር ከፍታ ያለው ያ በር በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተመረቀ የቅኝ ግዛት ዘመን ሥራ ነው፤ የቆመውም በአንደኛው የዓለም ጦርነትና በሦስተኛው የአፍጋኒስታን ጦርነት ለእንግሊዝ ዘምተው ለወደቁት ነው። ነጻዪቱ ህንድ ለራሷ ወታደሮች ያሠራችው ብሔራዊ የጦር መታሰቢያ ከበሩ በስተምሥራቅ ይገኛል። የተመረቀው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2019 ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው።

ስህተቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ህንድ በ1971 ፓኪስታንን ድል ካደረገች በኋላ በበሩ ቅስት ሥር አፈሙዙ ወደ ታች የተተከለ ጠመንጃ አቆመች፤ የብረት ቆብ ደፋችበት፤ የማይጠፋ እሳትም ለኮሰች። መሪዎች ለአሥርት ዓመታት የአበባ ጉንጉን ሲያኖሩ የነበረው እንግዲህ የነጻነት ዘመን ሙታን ስማቸው ባልተጻፈበት ግድግዳ ሥር ነው። በጃንዋሪ 2022 እሳቱ ወደ አዲሱ መታሰቢያ ተወስዶ እዚያ ከሚነደው ጋር ተቀላቀለ።

መታሰቢያው አንዱ ሌላውን የከበበ አራት ክብ ነው። መሐል ሐውልቱና እሳቱ፣ ቀጥሎ የስድስት ውጊያዎች የነሐስ ቅርጽ፣ ዳር ላይ የዛፍ ረድፍ አለ። እኔን የሚይዘኝ ሦስተኛው፣ የመሥዋዕትነት ክብ የሚባለው ነው። ከ25,000 በላይ ስሞች በግራናይት ጡቦች ላይ በወርቃማ ፊደል ተቀርጸዋል። የመኮንኑም የተራ ወታደሩም ጡብ እኩል ነው፤ ማዕረግ ይጻፋል እንጂ ቦታ አያሰፋም። እዚያ ግድግዳ ላይ ክርኑን አስደግፎ ለሰልፊ የሚፈግግ ጎብኚ አይቻለሁ። የተደገፈው የሰው ስም ነው፤ ቢያንስ ዞር ብሎ ያንብበው።

በግቢው የህንድን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለሙ 21 ሰዎች ሐውልት አለ። አንዱ ካፒቴን ጉርባቻን ሲንግ ሳላሪያ በ1961 ኮንጎ ውስጥ ወደቀ፤ የእኛም ወታደሮች በተሰለፉበት በዚያው የተባበሩት መንግሥታት ዘመቻ።

ከዚያ በፊት በ1941 በከረንና በአምባ አላጌ ጣሊያንን ሲወጉ የሞቱት ህንዳውያን ግን ስማቸው በሁለቱም ቦታ የለም። ለበሩ ዘግይተዋል፤ ለመታሰቢያው ቀድመዋል። ከረን ውስጥ የጦር መቃብር አለ፤ በወጋቸው አስከሬናቸው ለተቃጠለው ሂንዱዎችና ሲኮችም የራሳቸው መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ለእነሱ አበባ ማኖር የሚሻ ኢትዮጵያዊ መንገዱ ወደዚያ ነው።