አፈር ውስጥ ያለ መድኃኒት

ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ሲጥል አፈሩ ይሸታል። ይህን ሽታ የማያውቅ ገበሬ የለም። ሽታውን በብዛት የሚያወጡት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው ትንሽ ነገር ነው። በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራል።

ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ አያመጣም። አንዳንዱ እንዲያውም ጎረቤቱን የሚገድል መርዝ ያወጣል። ከባሕር ዛፍ ሥር የተዘራ ሰብል እንደማያምር ሁሉ፣ በእሱም ዙሪያ ሌሎች ተሐዋስያን አይበቅሉም። ታዲያ ይህ መርዝ የሰውን በሽታ አይገድልም ወይ?

በአሜሪካ አገር፣ በኒው ጀርሲ፣ አልበርት ሻትዝ የሚባል የ23 ዓመት ተማሪ ፍግ ከበዛበት ማሳ አፈር ወሰደ። በአፈሩ ያሉትን ባክቴሪያዎች ለየብቻ አሳድጎ አንድ በአንድ ፈተናቸው። አንደኛው የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ አላስጠጋም አለ። ይህ የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን ተባለ። ከዚያ በፊት ነቀርሳን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ግን መምህሩ ሰልማን ዋክስማን ብቻ ናቸው፤ ለተማሪውም ይገባው ነበር።

ቆይቶ ችግር መጣ። በዚህ መድኃኒት ብቻ ከታከሙት ብዙዎቹ ተሽሏቸው ከቆዩ በኋላ እንደገና ታመሙ። ለምን? ጥቂት ብርቱ ተሐዋስያን ከመድኃኒቱ ተርፈው ተባዙ። ዘሮቻቸውም መድኃኒቱን የማይፈሩ ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ ነቀርሳ የሚታከመው ልዩ ልዩ መድኃኒት ባንድነት ለወራት በመዋጥ ነው። ሳሉ ቀነሰልኝ ብሎ መሃል ላይ የሚያቋርጥ ሰው ብርቱዎቹን ያራባል፤ ለቤተሰቡም የሚያስተላልፈው እነሱኑ ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሽንትን የሚያቀላው ሪፋምፒሲን፣ መነሻው በ1957 ዓ.ም. ከፈረንሳይ አገር አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው።

አፈር መድኃኒት አለው ተብሎ ግን ቁስል ላይ አይደረግም። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያም የሚኖረው እዚያው አፈር ውስጥ ነው።

ፈንገስ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሻጋታ ዘመድ ነው። የባክቴሪያ መድኃኒት አይገድለውም። በሕፃን አፍ ውስጥ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ የሚለጠፈው በሽታ ከፈንገስ ይመጣል። ኤሊዛቤት ሄዘን የተባሉ ተመራማሪ በ1948 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ከሚገኝ የወዳጆቻቸው እርሻ አፈር ወስደው መረመሩ። እሳቸው በኒው ዮርክ ከተማ ባክቴሪያውን አሳድገው፣ በጠርሙስ አድርገው በፖስታ ወደ አልባኒ ከተማ ይልካሉ። እዚያ ሬቸል ብራውን የተባሉ ኬሚስት መድኃኒቱን ለይተው ያወጡና መልሰው በፖስታ ይልካሉ። እንዲህ እየተላላኩ በ1950 ዓ.ም. ለዓለም ያሳወቁት መድኃኒት ኒስታቲን ይባላል። ዛሬም በሕፃናት አፍ ውስጥ ጠብ ይደረጋል።