የወፍጮ ውቅር

የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው። ሰፊው በጭቃ መደብ ላይ ዘመም ብሎ ይቀመጣል፤ በሁለት እጅ ተይዞ በላዩ የሚገፋው መጅ ይባላል። የሁለቱም ፊት በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ እነዚህን ማውጣት መውቀር ነው። ፍሬው ጉድጓዱ ውስጥ ሲያዝ መንሸራተት ያቅተዋል፣ መጁ ሲገፋ ደግሞ ጠርዙ ይቆርጠዋል። ልሙጥ ድንጋይ ላይ ግን እህሉ ይንከባለላል፤ ቢደቅም አይልምም።

የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚያ ከፍታ ላይ ጤፍ ስለማይሆን የመንዝ ወፍጮ ዋና ሥራው ገብስ ነው። ለበሶ የሚሆነው ተቆልቶ ስለሚፈጭ በቀላሉ ይሰበራል፤ ወፍጮው ከዶለዶመ ግን በሶውም ሽርክት ሆኖ ይቀራል። ባቄላ ለመከካት ጠለቅና ራቅ ራቅ ያለ ውቅር ይበቃል፣ ለዱቄት ጥቅጥቅ ያለው ይሻላል።

ወቃሪዋ ጭብጥ የሚሞላ ጠንካራ ድንጋይ ይዛ፣ ቀጥ አድርጋ እየመታች፣ ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ ትወርዳለች። አግድም የተመታ ወፍጮ ይላጣል። ሲያበቃ ድንጋዩ ተጠርጎ ይታጠባል፤ ከዚያ ለመብል የማይፈለግ ጭብጥ እህል ተፈጭቶበት ይጣላል። ይህ ከተዘለለ ቂጣው አሸዋ አሸዋ ይላል። የጥንት ግብፃውያን ጥርስ ተፍቆ ላለቀበት አንዱ ምክንያትም ከዱቄቱ ጋር የተበላው አሸዋና የወፍጮ ብናኝ ነው።

መንዝ የሚገኝበት የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ቅላጩ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የታመቀበት ባዛልት በተፈጥሮው ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሚሆን፣ የላዩ ሲያልቅ ከሥሩ ሌላ ቀዳዳ ይወጣል። በጀርመን ማየን አካባቢ የሚፈለጠው እንዲህ ያለ ድንጋይ በሮማውያን ዘመን ሳይቀር ለወፍጮነት ሩቅ አገር ይላክ ነበር።

መፍጨቱም መውቀሩም ድንጋይ ይበላል። ወፍጮው መሐሉ እየሰረጎደ ይሄዳል፣ መጁ እየሳሳ ጣት ከሥር ድንጋይ ጋር መነካካት ሲጀምር ይለወጣል። አዲሱ መጅ ለአሮጌው ስርጉድ ልክ እስኪሆን ድረስ ተጠርቦ ነው የሚገባው።

የሞተር ወፍጮም ከመወቀር አላመለጠም። ክብ ድንጋዮቹ ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚወጣ ቦይ አላቸው፤ ቦዩ ዱቄቱን ወደ ውጭ ይነዳል፣ አየርም ያስገባል። ቦዩ ሲሞላና ድንጋዩ ሲለሰልስ ፍትጊያው ዱቄቱን ያግለዋል። በእጅ ሲዳሰስ የሚያቃጥል፣ ሽታው የተለወጠ ዱቄት ከወረደ፣ ሞተሩ ቆሞ ድንጋዩ መወቀር አለበት።