ባቡሩ ሐረር መውጣት ከብዶት የተቆረቆረች ከተማ፦ ድሬ፣ ሐዲዱና ደቻቱ

ባለፈው ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን፣ አንዱ ጓደኛችን በስልኩ ስለ ናውሩ የተሠራ ቪዲዮ ያሳየናል። ናውሩን የማታውቋት ካላችሁ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ለብቻዋ የተቀመጠች ደሴት ናት። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 12 ሺህ ገደማ። ትንሽ ብትሆንም አገር ናት፤ ባንዲራ አላት፣ ተባበሩት መንግሥታት ውስጥም ወንበር አላት። እ.ኤ.አ. ከ1907 አካባቢ ጀምሮ የውጭ ኩባንያዎች ከመሬቷ ፎስፌት (ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን) እየቆፈሩ ጫኑ። በ1968 ነፃ ወጣችና ገንዘቡ የራሷ ሆነ። በ70ዎቹ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ሀብታሞች ተርታ ገባች። ከዚያ ፎስፌቱ አለቀ። የደሴቷ መሃል አሁን አብዛኛው ሹል ሹል ድንጋይ ነው፤ ቤት አይሠራበት፣ አይታረስበት።

ልጁ ቪዲዮውን ዘግቶ "ይሄ እኮ የኛ ታሪክ ነው። ፎስፌት የሚለውን አውጥታችሁ ባቡር በሉት" አለን። ሳቅን። ቤት ስንገባ ግን ነገሩ አልለቀቀንም። ልጁ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹን ደግሞ ስቷል። ዛሬ ይህችን ነገር እንፍታላችሁ።

በነገራችን ላይ የተቀመጥንበት ሰፈርም ከደሴት አያመልጥም። ከዚራ የውጭ ሰዎች በጻፏቸው የድሮ ጽሑፎች ላይ "ገዚራ" ተብሎም ይገኛል። በዐረብኛ ጀዚራ ወይም ገዚራ ማለት ደሴት ነው፤ የሰፈሩን ስም ከዚህ የሚያመጡት አሉ። እንግዲህ ደሴት ላይ ቁጭ ብለን ነው ስለ ደሴት ያወራነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ወደ ደቡብ ቀና ስትሉ የምታዩት ተራራ የሐረርጌ ደጋ ጫፍ ነው፤ ደንገጎን አስቡት። በዚያ መንገድ ወደ ሐረር የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጠመዝማዛው ይጀምራል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የወጣ ሰው አለማያ አካባቢ ሲደርስ ይበርደዋል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ወደ ሰሜን ስትዞሩ ደግሞ መሬቱ እየወረደ እስከ ጅቡቲ ድረስ በረሃ ነው። ድሬ በሁለቱ መካከል፣ ልክ ደጋው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ ተቀምጣለች። ከዚህ በኋላ የምንነግራችሁ ነገር ሁሉ፣ ባቡሩም ጎርፉም የምንጠጣው ውሃም፣ ከዚህ አቀማመጥ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ባቡሩ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና አብሮት ለሠራው ፈረንሳዊ ሌዮን ሼፍኔ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ከፋን አልፎ እስከ ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ፣ ድሬ የሚል ስም የትም የለም። ያኔ የምሥራቁ ንግድ ሁሉ ራሱ ሐረር ነበረች፤ ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ ከሐረር በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ ተራራው ሥር ሲደርስ ሒሳቡ አልሆነም። በዚያ ዘመን በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ያንን አቀበት ይውጣ ከተባለ፣ ወጪውም ድካሙም ሌላ ታሪክ ነው። ስለዚህ ሐረርን ወደ ላይ ትተው ከተራራው ሥር በሜዳው በኩል ለማለፍ ተወሰነ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይፈልጋል፤ ከደጋው የሚወርደው ውሃ ደግሞ እዚሁ ተራራው ሥር ነው የሚገኘው። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1902 መጨረሻ) ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚህ ደረሰ። ቦታውን "አዲስ ሐረር" አሉት። ስሙ አልዘለቀም። የቆየው የአገሬው ስም ነው፤ እሱም ቢሆን በኦሮምኛ አንድ ትርጉም፣ በሶማልኛ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። በዚህ ጉዳይ ክርክር መክፈት የፈለገ ሻይ ቤት ይምጣ፤ እዚህ ግን አንገባበትም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። መስመሩ እዚህ ደርሶ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ ጨረሰ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ደግሞ በሐዲዱ ማን ይዘዝ እያሉ ተናቆሩ። እ.ኤ.አ. በ1907 ኩባንያው ከሰረ። በሌላ ኩባንያ ሥራው እስኪቀጥል ድረስ ዓመታት ነጎዱ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። በነዚያ ባዶ ዓመታት ድሬ የመጨረሻ ጣቢያ ነበረች። ዕቃ የሚወርደው እዚህ፣ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እዚህ፣ ጉምሩኩ እዚህ፣ ባቡር የሚጠገንበት ትልቁ ወርክሾፕ እዚህ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ ሱቅ ከፈተ። ኩባንያው ሳይከስር ቢያልፍ ኖሮ ምናልባት ድሬ ዛሬ በመስኮት አይተናት የምናልፋት ትንሽ ጣቢያ ትሆን ነበር። ለኩባንያው ጥፋት የሆነው ለኛ ከተማ ሆነ።

ከተማዋም ሁለት ሆና አደገች። ከደቻቱ በምዕራብ በኩል ባቡር ኩባንያው የነደፈው ከዚራ፦ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ጥላ ያለው ዛፍ፣ ጣቢያው፣ የሠራተኞች ቤት። በምሥራቅ በኩል መጋላ፦ ጠባብ መንገድ፣ ነጋዴው፣ ከፊራ ገበያ። "መጋላ" በሶማልኛ ከተማ ማለት ነው። የድሬ ልጅ አማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማልኛ የሚጨርሰው ሌላ ቦታ ተምሮ አይደለም፤ ጥዋት ከፊራ ሄዳችሁ ሽንኩርት ግዙ፣ ይገባችኋል።

ሰው እዚህ መኖር የጀመረው በባቡሩ ነው እንዳትሉ ደግሞ። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ (በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ1929 ለጥናት ተገኘ። ተመራማሪዎች ከዚያ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን፣ ከ4,000 ቁራጭ በላይ ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር አውጥተዋል፤ ከ40,000 ዓመት በፊት ገደማ ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያዘጋጁበት የነበረ። ግማሾቻችን እዚህ ተወልደን አድገን ዋሻው ደጃፍ ደርሰን አናውቅም።

ጦርነቶቹን በሩጫ እንለፋቸው። ግንቦት 1928 ጣሊያን ገባ፤ በ1933 ወጣ። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር በታንክ መጥቶ ከተማዋን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው ተመልሷል። ሐዲዱ በነዚህ ሁሉ ዘመን የሚጠበቅ ወይም የሚመታ ዒላማ ነበር፤ ድሬን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነውና።

እና ወደ ጓደኛችን ነገር እንመለስ። አሮጌው ባቡር፣ ያ 784 ኪሎ ሜትር በ1 ሜትር ስፋት የተዘረጋው፣ እያረጀ፣ አንዱ ፉርጎ ሲጠገን ሌላው እየቆመ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በአዲስ አበባ በኩል ተቋረጠ፤ ቀስ በቀስም ሁሉም ዝም አለ። ያ ዝምታ ለድሬ ምን እንደሆነ ከናንተ ታላላቆች ጠይቁ። የወርክሾፑ ፊሽካ ሰዓት ነበር፤ ሰው በሱ ቁርስ ይበላል፣ በሱ ወደ ቤት ይገባል። ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፉ መካኒኮች ጡረታ ወጡ። በባቡሩ ዕቃ ጭነው ልጆች ያሳደጉ እናቶች ሌላ መላ ፈለጉ። እስከዚህ ድረስ ናውሩ ነን።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የናውሩ ሀብት መሬቷ ውስጥ ነበር፤ ሲያልቅ አለቀ። የድሬ ሀብት ግን ብረቱ አልነበረም፤ በደጋውና በባሕሩ መካከል መቀመጧ ነው። እሱ አያልቅም። መስከረም 2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ መስመሩ ተመልሶ በዚሁ በኩል ነው ያለፈው፤ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ነሐሴ 2014 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያ የተባለው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ድሬ ተከፈተ። ግን ሽንገላ አንወድም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው፤ የድሮው መሃል ከተማ ነበር። ድሮ ባቡር ሲገባ ሻይ የምትሸጠዋም፣ ጫኝና አውራጁም፣ ጋሪ ነጂውም ይበላ ነበር። አሁን ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ከተማዋን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ባቡር አለ ማለትና ባቡሩ ለሰፈር ሰው እንጀራ ሆነ ማለት አንድ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ አቀማመጥ የሰጠን ባቡር ብቻ አይደለም፤ ደቻቱንም ሰጥቶናል።

ደቻቱን ዓመቱን ሙሉ የሚያየው ሰው ወንዝ አይለውም። አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል፣ ባጃጅ ይቆምበታል፣ ከመጋላ ከዚራ ለመሻገር አቋራጭ ነው። ድሬ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ብዙ የሚባል አይደለም። ችግሩ ድሬ ላይ የሚዘንበው አይደለም። ችግሩ ደጋው ላይ የሚዘንበው ነው። ተራራው ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ሳስቷል፣ አፈሩ ታጥቦ ድንጋይ ቀርቷል። ውሃው የሚሰርግበት የለውም። ስለዚህ ከብዙ ሸለቆ የሚወርደው ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ደቻቱ ውስጥ ይገባል፤ ደራሽ የሚሉት ይሄን ነው። ከተማው ላይ ኮከብ እየታየ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ወንዙ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም፣ የሆነው ይሄ ነው። ሰው ተኝቶ ነበር። ውሃው በወንዙ ዳርና በድሮው የወንዙ መንገድ ላይ የተሠሩ ቤቶችን ጠረገ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ሌሎች ብዙዎች ደብዛቸው ጠፋ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ያለ ቤት ቀሩ። አሁን 20 ዓመት የሆናችሁ ያኔ አላያችሁትም። ከናንተ ጋር አንድ ግቢ ያደጉ ግን በዚያች ሌሊት እናት ወይም ወንድም ያጡ ሰዎች አሉ፤ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ዝናብ ሲያጉረመርም አይተኙም።

ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ ብዙ ሰውም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ለውጥ አለ። ግን ግንብ የሚከላከለው ከግንቡ ወዲህ ያለውን ነው እንጂ አሸዋው ላይ ቆሞ ዕቃ የሚሸጠውን አይደለም። በሚያዝያ 2012ም ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ሚያዝያ መሆኑን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ጎርፍን የክረምት ብቻ አድርጎ ያስባል፣ የድሬ ዝናብ ግን ሁለት ጊዜ ነው፣ በበልግና በክረምት።

የሚያስቸግረው ደግሞ ደቻቱን ጠልተን መኖር አንችልም። ድሬ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ የምንጠጣው ከመሬት ሥር፣ በሳቢያንና በሌሎች አካባቢዎች ካሉ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። ያ የከርሰ ምድር ውሃ ከየት ይመጣል? ከዚያው ከደጋው ወርዶ በአሸዋው ውስጥ እየሰረገ ነው የሚተካው። ሌሊት ቤት የሚወስደው ውሃና ጠዋት በጀሪካን ተሰልፈን የምንቀዳው ውሃ ምንጩ አንድ ተራራ ነው። ስለዚህ ደንገጎ ላይ ዛፍ ተተከለ፣ እርከን ተሠራ ሲባል የገበሬው ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉት። ውሃው ዝግ ብሎ ከሰረገ ጉድጓዳችን ይሞላል፤ ተንደርድሮ ከወረደ መጋላና ከዚራ መሃል ይመጣል።

ሰሞኑን ክረምቱ እየገባ ነው። አሸዋው ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ከላይ በሐረር መንገድ የሚመላለስ ሹፌር የምታውቁ ከሆነ ስልኩን ያዙት። ደንገጎ ላይ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው ብሎ ከደወለላችሁ፣ እዚህ ፀሐይ ብትሆንም ሸራውን ጠቅልሉ፣ ባጃጁን አውጡ፣ አጠገባችሁ ላለችው ስልክ ለሌላት እናትም ንገሩ። ማታ ከሆነ ደግሞ ወንዙ ዳር ያሉትን በር አንኳኩ፤ በ1998ቱ ሌሊት ያልነበረው ይሄ ጥሪ ነው፣ አሁን ግን ስልኩ በሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ።